ለልጅ ስሜት የሚበጅ የሥዕል መጽሐፍ አመራረጥ

ልጅዎ አዲስ የተወለደችውን እህቱን ባየ ቁጥር ያኮርፋል እንበል። ወይም መብራት ሲጠፋ ብቻዬን አልተኛም ይላል፤ ወይም እናቱ ለሥራ ባሕር ማዶ ከሄደች ወዲህ ነጋ ጠባ በር በሩን ያያል። እርስዎም ለዚህ የሚሆን መጽሐፍ ፍለጋ መደብር ይገባሉ። ሽፋኑ ላይ ፈገግ ያለ ልጅ የተሳለበት፣ ከጀርባው «መልካም ሥነ ምግባር ያስተምራል» ተብሎ የተጻፈበት መጽሐፍ ገዝተው ይመለሳሉ፤ ልጁ አንዴ ይሰማውና ዳግም አይነካውም። ልጁ መጽሐፍ ጠልቶ ላይሆን ይችላል። መጽሐፉ የተመረጠው በሚሰጠው ምክር ነው፤ ልጁ ደግሞ ምክር ሲሰማ ውሏል። ለስሜት የሚበጀውን መጽሐፍ ከሌላው የሚለየው ትዕግሥቱ ነው፤ የልጁን ስሜት ለማረም ከመጣደፉ በፊት አብሮት ይቆያል። ይህ ትዕግሥት በገጾቹ ላይ ስለሚታይ በዓይን መርምሮ መምረጥ ይቻላል። የሚከተሉት ደረጃዎች ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆኑ ናቸው። የሚያስፈልግዎ አንድ ማስታወሻ ደብተርና ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

1. ከመጽሐፉ በፊት ልጁን ይመልከቱ

ለአንድ ሳምንት ያህል ልጁ መቼ እንደሚከፋው፣ መቼ እንደሚፈራ፣ ከዚያ ቀደም ብሎ ምን እንደሆነ በአጭር በአጭሩ ይጻፉ። ትንንሽ ልጆች ብዙውን ጊዜ ስሜታቸውን በስሙ አይጠሩትም። ትምህርት ቤት የፈራ ልጅ ሰኞ ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ይላል እንጂ «ፈራሁ» አይልም። የቀናች ልጅ ጡጦ ካልጠባሁ ትላለች፤ ወይም ንግግሯ ተስተካክሎ ሳለ እንደገና መኮላተፍ ትጀምራለች። ማስታወሻ ሳይዝ የሚመርጥ ወላጅ ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው እሱን ላስቸገረው ጠባይ የሚሆን መጽሐፍ ነው፤ ልጁን ያስጨነቀው ነገር ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። እህቱን ለሚመታ ልጅ «መምታት ነውር ነው» የሚል መጽሐፍ ቢገዛለት ለእጁ እንጂ ለሆዱ የሚሆን ነገር አላገኘም። ሳምንቱ ሲያልቅ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያጠቃልሉት፤ ለምሳሌ «ልጄ ቦታዬን ተቀማሁ ብሎ ሠግቷል» ብለው። የሚፈልጉት መጽሐፍ ይህን ዓረፍተ ነገር የሚመስል ነው። ሁኔታው አንድ ዓይነት እንዲሆን ግን አይጠብቁ። እናቷ ቤሩት ላለች ልጅ ስለ ቤሩት የተጻፈ መጽሐፍ አያስፈልጋትም፤ ናፍቆትን የሚያውቅ መጽሐፍ ይበቃታል።

2. ጽሑፉን ሳያነቡ ሥዕሎቹን ብቻ ይግለጡ

ማንበብ ያልጀመረ ልጅ መጽሐፉን የሚያነበው በሥዕሉ ነው። እርስዎ ፊደሉን ሲከተሉ የእሱ ዓይን የገጸ ባሕርዩን ቅንድብ፣ የትከሻውን መጉበጥ፣ ከእናቱ ምን ያህል ርቆ እንደቆመ ይከተላል። ስለዚህ ጽሑፉን በእጅዎ ሸፍነው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይግለጡ፤ ከዚያ ገጸ ባሕርዩ መቼ እንደተከፋና መቼ እንደቀለለው ከሥዕሉ ብቻ መናገር ይችሉ እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ። ካልቻሉ ልጅዎም አይችልም። ሁሉም ሰው በሁሉም ገጽ ፈገግ ያለበት መጽሐፍ፣ ጽሑፉ «በጣም አዘነ» ቢልም እንኳ፣ ለዚህ ዓላማ አይሆንም።

ሥዕል ስሜትን እንዴት መሸከም እንደሚችል ለማየት የሞሪስ ሴንዳክ «የዱር አውሬዎቹ ያሉበት» ጥሩ መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ የታተመው ይህ መጽሐፍ ማክስ ስለተባለ፣ አጥፍቶ ያለ እራት ወደ መኝታው ስለተላከ ልጅ ይተርካል። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ ዙሪያው ነጭ ወረቀት ነው። የልጁ ንዴት እየገነፈለ ሲሄድ ሥዕሉም እየሰፋ ይመጣና ነጩን ወረቀት ይበላዋል። ማክስ ከአውሬዎቹ ጋር ሲጨፍር ጽሑፉ ጭራሽ ይጠፋል፤ ሦስት ሙሉ ጥንድ ገጾች ያለ አንዲት ቃል ያልፋሉ። ንዴቱ ሲበርድ ጽሑፉ ይመለሳል። ስሜት ሲበረታ ቃል እንደሚያልቅ ልጁ ማንም ሳይነግረው ያየዋል።

ቀለምን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቅርብ ዓመታት ስሜትን በቀለም የሚያስተምሩ መጻሕፍት ተበራክተዋል። ከእነዚህ ታዋቂው የስፔናዊቷ የአና ዬናስ የ2012 እ.ኤ.አ. ሥራ ደስታን ቢጫ፣ ሐዘንን ሰማያዊ፣ ንዴትን ቀይ፣ ፍርሃትን ጥቁር ያደርጋል። መጽሐፉ ውብ ነው፤ የተደበላለቀ ስሜትን ለይቶ ማየት እንደሚቻልም ያሳያል። የእኛ ልጅ ግን ጥቁርን የሚያውቀው በሐዘን ልብስ ነው፤ የአያቱን ለቅሶ አይቶ ከሆነ ጥቁር ፍርሃት ነው ሲባል ግር ሊለው ይችላል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከገዙ የቀለሙን ሕግ እንደ ፊደል አያስጠኑት። «ላንተ ሐዘን ምን ዓይነት ቀለም አለው?» ብለው ይጠይቁትና ይሳልበት።

3. ስሜቱ ስንት ገጽ እንደተሰጠው ይቁጠሩ

ጊዜዎ ለአንድ ደረጃ ብቻ ከበቃ ይህንኛውን ያድርጉ። ገጸ ባሕርዩ የተከፋበትን ገጽ ያግኙ፤ ከዚያ መፍትሔው የመጣበትን ያግኙ፤ በመካከል ያሉትን ይቁጠሩ። በአንዱ ገጽ ተናድዶ፣ በሚቀጥለው እናቱ መክራው፣ በሦስተኛው ይቅርታ የሚጠይቅ ልጅ ካገኙ መጽሐፉ የሚያስተምረው ንዴትን መደበቅ ነው። ያን መጽሐፍ የሚሰማ ልጅ የራሱ ንዴት በሦስት ገጽ እንደማያልቅ ያውቃልና፣ «እኔ ብቻ ነኝ የማይበርድልኝ» ብሎ ሊደመድም ይችላል።

የኮሪ ዶርፌልድ «ጥንቸሉ አዳመጠ» (2018 እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ነገር ታሪኩ አድርጎታል። ልጁ የሠራው የእንጨት ግንብ ይፈርስበታል። እንስሳት በየተራ ይመጣሉ፤ አንዷ እናውራበት ትላለች፣ ሌላው ጩኽ ይላል፣ ሌላው እንሳቅበት፣ ሌላው የሌሎችን እናፍርስባቸው ይላል። ልጁ ግን ከማንም ጋር መሆን አይፈልግም። በመጨረሻ ጥንቸሉ ዝም ብሎ ቀረብ ይልና አጠገቡ ይቀመጣል። ያኔ ልጁ ራሱ ማውራት፣ መጮህ፣ መሳቅ ይጀምራል። እንስሳቱ ያመጡት ምክር ሁሉ ጊዜው ሲደርስ የሚጠቅም ሆኖ ተገኘ፤ ያለ ጊዜው ሲመጣ ነበር የከበደው። በዕዝራ ጃክ ኪትስ «የፒተር ወንበር» (1967 እ.ኤ.አ.) ደግሞ አልጋውና የምግብ ወንበሩ ለአዲሷ እህቱ ሮዝ ቀለም የተቀባበት ልጅ፣ ገና ያልተቀባችውን ትንሽ ወንበሩን ይዞ ከቤት ይወጣል። ደጅ ላይ ሊቀመጥባት ሲሞክር አልበቃችውም፤ አድጓል። ወንበሯን ከአባቱ ጋር አብሮ ለመቀባት የወሰነው ይህን በገዛ ሰውነቱ ካወቀ በኋላ ነው። ቅናቱ አብዛኛውን መጽሐፍ ይዟል፤ ወላጆቹም ሰፊ ንግግር አላደረጉለትም።

«ምክር የሌለው መጽሐፍ ለልጅ ምን ይጠቅማል? እኛ ያደግነው በተረት ነው፤ ተረት ደግሞ ትምህርት አለው» የሚል አንባቢ ይኖራል። መቃወሚያው ተገቢ ነው፤ ግብረገብ የሌለው ልጅ ማሳደግ የሚፈልግ የለም። ግን ምክርና ማስፈራሪያ የታሰበውን ያህል ይሠራሉ ወይ የሚለው ሊፈተሽ የሚችል ጥያቄ ነው፤ ተፈትሿልም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ካንግ ሊ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ያሉ ልጆች አንድ አሻንጉሊት ዞረው እንዳያዩ ተነግሯቸው ብቻቸውን ቀሩ፤ ከዚያ ታሪክ ተነበበላቸው፤ ከዚያ «አይተሃል?» ተባሉ። «ተኩላ መጣ» እያለ ሲዋሽ የኖረው እረኛና ሲዋሽ አፍንጫው የሚረዝመው ፒኖኪዮ ልጆቹን ይበልጥ እውነተኛ አላደረጓቸውም። እውነት ተናግሮ አባቱ ያመሰገነው የትንሹ ጆርጅ ዋሽንግተን ታሪክ ግን አደረጋቸው፤ ይኸው ታሪክ ተለውጦ ውሸት በሚያስከትለው ጉዳት ሲያልቅ ውጤቱ ጠፋ። ቅጣት ያለበት መጨረሻ ለመጣለት ለግብረገቡ እንኳ ካልበጀ፣ ለስሜት ደግሞ ይበልጥ ላይበጅ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ትምህርት ያለበት መጽሐፍ ሁሉ ይጣል ማለት አይደለም፤ ትምህርቱ ገጸ ባሕርዩ ራሱ ከደረሰበት ነገር የወጣ እንደሆነ ይዩ። የፒተር ወንበር ትምህርት አለው፤ የተናገረው ግን ጠባቧ ወንበር ናት።

4. መጨረሻውን ይመርምሩ

የመጨረሻዎቹን ሁለት ገጾች ሁለት ጊዜ ያንብቡ። ገጸ ባሕርዩ ወደ ሰው ተመልሷል? ማክስ ከአውሬዎቹ አገር ሲመለስ እራቱ ክፍሉ ውስጥ ይጠብቀዋል፤ ገና ትኩስ ነው። አጥፍቷል፣ ተቀጥቷል፣ ተናድዷል፤ ፍቅሩ ግን አልተነሳበትም። ልጅ ከንዴት መጽሐፍ ሊያገኝ የሚገባው መተማመኛ ይህ ነው። በተቃራኒው ያለቀሰ ልጅ በጓደኞቹ ተስቆበት የሚያልቅ፣ ወይም ያልታዘዘው ልጅ በአውሬ ተወስዶ የሚያልቅ መጽሐፍ ከሆነ መልሰው ያስቀምጡት። «ለጅብ እሰጥሃለሁ» ማለት በየቤታችን የተለመደ ነው፤ ማታ መተኛት ለሚፈራ ልጅ ግን ያንኑ በቀለም ታትሞ ማምጣት ፍርሃቱን ማረጋገጥ ይሆናል። ጅብ ያለበት መጽሐፍ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ጅቡን የሚጠቀመው ልጁን ለማስታዘዝ ነው ወይስ ፈሪው ልጅ ጅቡን አይቶ እንዲያልፍ ለማድረግ? ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

አሳዛኝ መጽሐፍ ልጁን ያሳዝነዋል ብለው የሚሰጉም አሉ። አያቱ የሞቱበት ልጅ ግን ሐዘኑን ከመጽሐፍ አላገኘውም፤ ቤቱ ውስጥ አለ፤ ለቀስተኛው ሲገባና ሲወጣ ያያል፤ ሲጠይቅ «ሩቅ አገር ሄዱ» ይባላል። ሞትን በስሙ የሚጠራ፣ የቀሩት ሰዎች አብረው ሲያለቅሱና አብረው ሲበሉ የሚያሳይ መጽሐፍ ለዚህ ልጅ የሚያየውን ነገር ያስረዳዋል። መፍራት ያለብን ሞትን «እንቅልፍ» ወይም «መንገድ» የሚለውን ነው፤ ልጁ መተኛትን ወይም የአባቱን መንገድ መውጣት ሊፈራ ይችላልና።

5. እንስሳ ይሁን ሰው?

መልሱ በዓላማዎ ይወሰናል። በዚያው በቶሮንቶ የተሠራ ሌላ ጥናት ልጆች ስለ ማካፈል የሚተርክ ታሪክ ከሰሙ በኋላ ተለጣፊ ሥዕሎቻቸውን ምን ያህል እንደሚያካፍሉ አይቷል፤ ታሪኩን ሰዎች በሆኑ ገጸ ባሕርያት የሰሙት ያካፈሉት፣ ልብስ በለበሱ እንስሳት ከሰሙት ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ልጁ አንድ ነገር እንዲያደርግ ከፈለጉ ሰው ይሻላል። ስሜቱ ግን በጣም የቀረበና የሚያሳፍር ከሆነ፣ ለምሳሌ ማታ አልጋ ላይ መሽናት፣ እንስሳ መጋረጃ ይሆንለታል፤ ስለ እንስሳው እያወራ ስለ ራሱ ያወራል። ከሁሉም ዓይነት ይኑርዎት። ከሰዎቹ መካከል ግን ቢያንስ ጥቂቶቹ መልካቸው፣ ጸጉራቸው፣ ቤታቸው እንደ ልጅዎ ይሁን፤ ስሜት ያለው ሰው ሁልጊዜ ሌላ አገር የሚኖር እንዳይመስለው።

6. አማርኛውን ጮክ ብለው ያንብቡ

አንድ ገጽ በድምፅ ያንብቡ። ምላስዎ ከተደናቀፈ ወይም ቃሉን ለሌላ ሰው በአፍዎ ብለውት የማያውቁት ከሆነ ይጠርጥሩ። ብዙ የሕፃናት መጻሕፍት፣ በተለይ የተተረጎሙት፣ «አሉታዊ ስሜት ተሰማው»፣ «ስሜቱን ገለጸ» እያሉ ይጻፋሉ። ይህ የስብሰባ አማርኛ ነው። አማርኛ ስሜትን የሚያስቀምጠው በሰውነት ውስጥ ነው፤ ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ አንጀት ይርሳል፣ ልብ ይሰበራል፣ ፊት ይጠቁራል። ለሦስት ዓመት ልጅ ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ስሜቱን የሚያገኘው እዚያው ሆዱ ውስጥ ነውና። «ሆዱ ባሰው» የሚል መጽሐፍ «አዘነ» ብቻ ከሚለው የበለጠ ነገር ይዟል። ኩርፊያ፣ ቅሬታ፣ ናፍቆት፣ ስጋት፣ ቅናት እያለ የሚለይ ደግሞ የበለጠ ይዟል። ስሜትን በቃል መጥራት በራሱ እንደሚያበርድ የሚጠቁም ማስረጃ አለ፤ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ እነ ማቲው ሊበርማን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት የአንጎል ምርመራ አዋቂዎች የሚያዩትን ፊት ስሜት በቃል ሲሰይሙ ለአደጋ የሚነቃው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴው ቀነሰ። ልጆች ላይ የተሠራ ባይሆንም ቃል ለመምረጥ ጥሩ ምክንያት ይሆነናል።

ውጭ አገር ልጅ ለሚያሳድጉ አንባቢዎች ይህ ደረጃ የበለጠ ይመለከታቸዋል። በብዙ ቤት አማርኛ የትእዛዝ ቋንቋ ሆኖ ይቀራል፤ «ና»፣ «ብላ»፣ «ተው» በአማርኛ ይባላል፤ ልብ የሚነካው ነገር በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ይወራል። እንግዲህ አማርኛውን ቁጣ ብቻ አያድርጉት። ጽሑፍ የሌላቸው የሥዕል መጻሕፍት እዚህ ላይ ወደር የላቸውም፤ ፊደል የማይቆጥሩ አያትም ሥዕሉን እያዩ እንደ ተረት ሊነግሩት ይችላሉ። ሥዕሉ ግሩም ሆኖ አማርኛው ደረቅ የሆነ መጽሐፍ ካገኙም አይተዉት። በገዛ አማርኛዎ ጽፈው ወረቀቱን ገጹ ላይ ይለጥፉት። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚል ዓረፍተ ነገር ያለበትን ግን በለጣፊም አያድኑት፤ ሌላ ይፈልጉ።

7. የት ይገኛል?

ብዙ መግዛት አያስፈልግም፤ ሦስት ወይም አራት በደንብ የተመረጡ መጻሕፍት ለአንድ ዓመት ይበቃሉ፤ ልጅ መደጋገም ይወዳል። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተዘጋጁትን የ«ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ» መጻሕፍት ይመልከቱ። የደቡብ አፍሪካው «አፍሪካን ስቶሪቡክ» እና የሕንዱ «ስቶሪዊቨር» ድረ ገጾች የአማርኛ ታሪኮችን በነፃ ያቀርባሉ፤ አውርዶ ማተም ይፈቀዳል። ጥራታቸው እኩል ስላልሆነ ከላይ ያሉትን ደረጃዎች በነፃ የተገኘውም ላይ ይጠቀሙባቸው። ከስልክ ይልቅ በወረቀት ታትሞ ቢነበብ ይመረጣል፤ ልጁ ወደ ኋላ ገልጦ የሚፈልገውን ፊት ራሱ ማግኘት ይችላል።

8. አንብበው ይፈትኑት

ምርጫው የሚያልቀው ሲነበብ ነው። ልጁ እያለቀሰ ወይም እየተቆጣ ባለበት ሰዓት መጽሐፍ አያውጡ፤ ያኔ መጽሐፉ ቅጣት ይመስላል። ደህና በሆነበት፣ ጠግቦ አጠገብዎ በተቀመጠበት ሰዓት ያንብቡለት። አንብበው ሲጨርሱ «ከዚህ ምን ተማርክ?» አይበሉ፤ በመካከል ግን «አሁን ምን የሆነ ይመስልሃል? ለምን?» ይበሉና ይጠብቁ። በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ እነ ሲሊያ ብራውኔል እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት በሁለት ዓመት አካባቢ ያሉ ልጆችን ከወላጆቻቸው ጋር መጽሐፍ ሲያዩ ተመልክቷል፤ ቶሎና አብዝተው የሚረዱና የሚያካፍሉት ልጆች ወላጆቻቸው ስሜቱን ራሳቸው ከመናገር ይልቅ ልጁ እንዲናገርና እንዲያብራራ የሚጠይቁት ነበሩ። ዝም ካለም ይለፉት፤ ምርመራ አይደለም። መጽሐፉን ከገፋው ለአንድ ወር ያስቀምጡት። ራሱ አምጥቶ ጭንዎ ላይ ካኖረው፣ በተለይ አንዱን ገጽ ደጋግሞ ካስከፈተዎት፣ ማስታወሻዎን አውጥተው ያን ገጽ ይመዝግቡ፤ በመጀመሪያው ሳምንት የጻፉት ዓረፍተ ነገር ትክክል መሆን አለመሆኑን የሚነግርዎ እሱ ነው።

የመጽሐፍ አቅም ወሰን አለው። ልጁ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ትቶት የነበረው አልጋ ላይ መሽናት ከተመለሰ፣ መጫወት ካቆመ፣ ወይም ራሱን ስለ መጉዳት ከተናገረ፣ የተሻለ መጽሐፍ ፍለጋ ጊዜ አያጥፉ። ማስታወሻ ደብተርዎን ይያዙና ልጁን ወደ ሐኪም ይውሰዱት።